«ሰምና ጭስ» የተባለው ሸክላ

ፍኖተ ሰላም ላይ የነበረችኝን የጥገና ሱቅ ባለፈው ክረምት ዘጋሁ። ዘጋሁ ስል ቁልፉን ለቤቱ ባለቤት መለስሁ ማለቴ ነው እንጂ ሥራው ራሱ ከተዘጋ ቆይቷል። መጀመሪያ ካሴት ቀረ፣ ቀጥሎ ሲዲ ቀረ። ከዚያ ሰው ሁሉ ዘፈኑን በስልኩ ይዞ መዞር ጀመረ። በመጨረሻ መንገዱ ሲዘጋ፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ከወዲያ ማዶ ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ፣ ሬዲዮ ይዞ ብቅ የሚለው ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ሆነ። «ዜና ይይዝልኛል?» ዘፈን ይይዝልኛል ወይ ያለኝ ሰው ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስሁት በድምፅ ሥራ ነው። ቡሬ ጀመርሁ፣ ፍኖተ ሰላም አበቃሁ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፣ ጡረታውም እንዲሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ሳልናገረው እንዳይቀር የምፈልገው ስለ አንድ ሸክላ ነው። በስድሳዎቹ ውስጥ የወጣ፣ ሲወጣም ያወቀው፣ ሲጠፋም የፈለገው ሰው ያልነበረ ሸክላ።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ፈንታሁን ይባላሉ። ሱቃቸው ቡሬ በርበሬ ተራ ጀርባ ነበር። ማንም ሰው ሳያስነጥስ አይገባባትም። የበርበሬው ብናኝ ሬዲዮ ውስጥ ገብቶ የድምፅ መጨመሪያውን ያንኮሻኩሸዋል፤ የመጀመሪያ ሥራዬም እሱን በዶሮ ላባ መጥረግ ነበር። ጋሽ ፈንታሁን ሬዲዮ ሲመጣላቸው ወዲያው አይፈቱም። እጃቸውን ታጥበው ይቀመጡና ባለቤቱን ይጠይቁታል።

«ሲጠፋ ምን እያለ ነበር?»

ገበሬው ይስቃል። «እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፣ ዘፈን ነበር መሰለኝ።»

«ከበሮ ላይ ነው የጠፋው ወይስ ድምፁ እየሰለለ ሄዶ?»

ቀልድ የሚመስል ጥያቄ ነው፤ ግን መልሱን ይዘው ነበር የሚሠሩት። ከበሮ ላይ ድንገት ከጠፋ ስፒከሩን፣ እየሰለለ ከሄደ የባትሪውን መያዣ ይፈትሻሉ። ጠግነው ሲጨርሱም ዝም ብለው አያስረክቡም። ባለቤቱ አጠገባቸው ተቀምጦ አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው መስማት አለበት። በመካከል ወሬ ቢጀምር ያጠፉበትና ይጠብቁታል። «ሰው ሲናገር ታቋርጣለህ እንዴ?» ይሉታል።

ስፒከር ወይም አምፕሊፋየር ሲሆን ደግሞ የሚፈትኑት ሁልጊዜ በአንድ ሸክላ ነው። ሽፋኑ ላይ ቢጫና ወይን ጠጅ ጃንጥላ የያዘ ሰው ተስሏል። ከሥሩ «ሰምና ጭስ» ይላል፣ ቀጥሎም የዘፋኙ ስም፣ ደምለው። ከየት ነው፣ ማን ነው፣ የሚል አንዳች ነገር የለም።

መጀመሪያ ስሰማው አልወደድሁትም። የሚጀምረው በውኃ ጠብታ ነው። ውኃው ይቆይና ከሩቅ ማሲንቆ ይመጣል። ማሲንቆው ገና ሳይደላደል የኤሌክትሪክ ጊታር ከላዩ ይገባል፤ ድምፁ ገደል ላይ ተጋጭቶ እንደሚመለስ እያስተጋባ። ከዚያ የሰውዬው ድምፅ፣ የቅኔ ቤት ልጅ መሆኑ ከአንድ ቃል የሚታወቅ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ በገና የሚመስል ነገር ይነዝራል፣ ግን በገና አይደለም፤ ከጊታሩ ክር ሥር ቁራጭ ቆዳ ሰክተውበት ነው። ከሥሩ ኦርጋን ተኝቷል። ሰውዬው እንዲህ ይላል፦

ሰሙም ቀለጠልኝ፣ ወርቁ መቼ ታየኝ፣
በመካከል ያለው ጭሱ አስለቀሰኝ።

ሦስተኛው የውቂያ ዘፈን ነው። በሬ የሚነዳበት ፉጨት፣ ከበሮ፣ ጥሩምባ፣ ሁሉም እየተጋፋ ይሮጣል። ከዚያ በድንገት የዘፋኙ ድምፅ ወደ ኋላ መሄድ ይጀምራል። የተቀዳበትን የቴፕ ክር ገልብጠው አጫውተውት ነው። ጋሽ ፈንታሁን እንደሚሉት ሸክላውን ያጠፋው ይኸው ነው። የገዛው ሰው ሁሉ «ተበላሽቶ ነው የሸጣችሁልኝ» እያለ መለሰው። የአገር ባህል ወዳዱ ጊታሩን ጠላው፣ ዳንኪራ የሚፈልገው ማሲንቆውን ናቀው። ሙዚቃ ቤቶቹም ወደ መጋዘን ወረወሩት።

«ለኔ ግን ምን ሰጠኝ መሰለህ?» ይሉኝ ነበር። «በዚህ በአንድ ሸክላ ውስጥ ሰው ሊያሰማው የሚችል ድምፅ ሁሉ አለ። ውኃው ጥርት ብሎ ካልተሰማ ቀጭኑ ድምፅ ሞቷል ማለት ነው። ጥሩምባው ከተሰነጠቀ ጉልበት አንሷል ማለት ነው። ያ የቆዳው ንዝረት ደግሞ ዋናው ነው። የዘፈኑን ንዝረት ከተቀደደ ስፒከር ንዝረት የለየህ ዕለት ተመርቀሃል።»

ለመለየት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። አንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ሳዳምጥ፣ የቆዳው ንዝረት ከዘፋኙ ትንፋሽ ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ እንደሚል ሰማሁ፤ የተቀደደ ስፒከር ግን ትንፋሽ አይጠብቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸክላውን ለፈተና ብዬ መስማት ተውሁ። ለራሴ ሆነ።

ሁለተኛውን ገጽ ጋሽ ፈንታሁን ለሥራ አያጫውቱትም ነበር። ገጹን ሙሉ የያዘ አንድ ዘፈን ነው፤ አንድ ሰውና አንድ ጊታር፣ ሌላ ምንም የለም። ሰውዬው እንደ ሙሾ አንድ ስንኝ ይላል፣ ጊታሩ ይመልስለታል። እንደገና ይላል፣ ጊታሩ ሌላ ይመልሳል። አንዳንዴ መልሱ ከጥያቄው ይረዝማል። አንዳንዴ አንድ ክር ብቻ ይነካና ዝም። ጋሽ ፈንታሁን ሐዘን ደርሰው ሲመለሱ ሱቁን ከውስጥ ይዘጉና እሱን ይከፍቱታል። እኔን ውጣ አይሉኝም፤ አነጋግረውኝም አያውቁም።

ወደ ፍኖተ ሰላም የሄድሁት የኪነት ቡድን ድምፅ ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው። አለቃዬ ድምፅ ማለት ጩኸት የሚመስለው ሰው ነበር። «እስከ ላህ ወንዝ ድረስ ይሰማ!» ይለኛል፤ እኔ እቀንሳለሁ፣ እሱ መጥቶ ይጨምራል። ክራሩ ሰምጦ ከበሮ ብቻ ይቀራል። ቡድኑ ሲበተን አልከፋኝም። በቆርቆሮ ክዳን የራሴን ሱቅ ከፈትሁ። ጋሽ ፈንታሁን ሲታመሙ ቡሬ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ያንን ሸክላ በነጠላ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሌላ ኑዛዜ አልነበራቸውም። በሳምንቱ ቀበርናቸው።

የፊተኛውን ገጽ፣ ሸክላው እንዳያልቅ ብዬ፣ ቀደም ሲል በካሴት ቀድቼው ነበር። የኋለኛውን አልቀዳሁትም። ለሥራ የሚያስፈልግ አይደለም፣ ጊዜ ሳገኝ፣ እያልሁ አቆየሁት። እሱ መደርደሪያ ላይ ቆሞ ሳለ የቆርቆሮው ሙቀት አጎበጠው። አንድ ሚያዝያ አውጥቼ ባስቀምጠው መርፌው እየዘለለ አልሄድ አለ።

የጎበጠ ሸክላ ይቃናል። በሁለት የመስኮት መስታወት መካከል ታስገባዋለህ፣ ከላይ ክብደት ታደርግና የጠዋት ፀሐይ ታስመታዋለህ። ጋሽ ፈንታሁን ሲሠሩት አይቻለሁ። እጃቸውን በየጊዜው መስታወቱ ላይ ያኖራሉ። «እጅህ ያልቻለውን ሸክላው አይችለውም» ይላሉ። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ጠዋቱ ደመና ነበር፤ መስታወቱ ገና ለብ ብሏል። እጄን አንስቼ ሳኖር፣ የጎረቤቴ ሕፃን ልጅ ሞቶ ጩኸት ተሰማ። ሮጥሁ። ከዚያ ወደ ቀብር ሄድን። ደመናው መቼ እንደተገፈፈ አላየሁም።

ስመለስ መስታወቱ እጄን ለበለበኝ። ሸክላው ቀጥ ብሎ ተቃንቷል። አንስቼ ወደ ብርሃን ሳዞረው ግን መስመሮቹ የሉም። ገጹ እንደ ሳህን ያብለጨልጫል። መርፌውን ባሳርፍበት ከዳር እስከ መሐል ሽው ብሎ ተንሸራተተ። ድጋሚ አሳረፍሁት። ገልብጬም ሞከርሁ። አንዲት ስንኝ፣ አንዲት ክር አልቀረችም። ስንት ሬዲዮ አበላሽቻለሁ፤ ሁሉንም በመለዋወጫ ክሼዋለሁ። ይኼ መለዋወጫ የለውም። የልጁ እናት ሐዘን ቤት ተቀምጬም ስለ ሸክላ ማሰቤ አሳፈረኝ፣ ግን ማሰቡን አልተውሁም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከገበዝ ማርያም፣ ከቋሪት፣ አባ አንዳርጌ የሚባሉ ቄስ የቤተ ክርስቲያናቸውን ድምፅ ማጉያ አስጭነው መጡ። ስብከት ላይ ይንጫጫል አሉ። ፈታሁት፣ ብየዳው የለቀቀውን በየድሁ፣ እንደ ልማዴም በዚያ ካሴት ፈተንሁት። ጊታሩ ሲጀምር አባ አንዳርጌ አማተቡ።

«ኧረ ምነው፣ በእመቤታችን! የቤተ ክርስቲያን ዕቃ'ኮ ነው።»

«ይቅር ይበሉኝ አባ፣ ለሙከራ ነው፤ ወዲያው አጠፋዋለሁ» ብዬ እጄን ስዘረጋ ዘፋኙ ገባ። አባ አንዳርጌ እጄን ያዙኝ። ቆመው ሰሙ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይኼ ደምለው ነው» አሉ።

«የትኛው ደምለው?»

«የኛው ነዋ። ከአጥቢያችን። ቅኔ ቤት አብረን ነበርን፣ ይኼን ድምፅ መቼ አጣዋለሁ? አሁን አራሽ ነው። አርጅቷል። ዘፈነ እንዴ? እኔ እንጨት ፋብሪካ ይሠራ ነበር ሲሉ ነው የሰማሁ።»

ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው ብዬ የማስበው ሰው ከኔ በግማሽ ቀን መንገድ ሲያርስ ኖሯል።

ከመኪና ወርጄ፣ ዳገት ወጥቼ፣ ቤታቸው ስደርስ ጋሽ ደምለው ደጃቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ። ባለቤታቸው እትዬ ይታይሽ ገበያ ወርደው ነበር። ስለ ሸክላው ነው የመጣሁት ስላቸው መጥረቢያውን አኖሩና ዙሪያቸውን አዩ።

«ማን ላከህ?»

«ማንም አልላከኝ ጋሼ። ስሰማዎት ነው የኖርሁ።»

በባትሪ የሚሠራውን ቴፕ አወጣሁ። ውኃው መንጠባጠብ ሲጀምር ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ሳቡት፤ ፊታቸውን አላየሁም። የፊተኛው ገጽ እስኪያልቅ አልተነቃነቁም። ሲያልቅ ከጋቢው ውስጥ ጠየቁኝ።

«ያ ውኃ ምን ይመስልሃል?»

«ግሽ ዓባይ ሄዳችሁ የቀዳችሁት እየመሰለኝ ነው የኖርሁ። ጸበሉን።»

ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እየሳቁ ነው። «አዲስ አበባ የተከራየንበት ግቢ የቧንቧ ውኃ ነው። አልዘጋ ብሎ ሲያስቸግረን ሰሎሞን ባልዲ ከሥሩ አስቀመጠበት። ጊታር መቺው። ከዚያ 'ስማው እስቲ' አለኝ።» ሳቁ ቆመ። «በል ገልብጠው።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ካሴቱን። የኋላውን አሰማኝ እንጂ።»

ነገርኋቸው። መስታወቱን፣ ፀሐዩን፣ ቀብሩን፣ ሁሉንም። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጋቢውን ከራሳቸው ላይ አወረዱና የሞፈሩን ፍቅፋቂ አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ።

«የፊተኛው የኔ ነው» አሉ። «የኋላው የሰሎሞን ነው። እኔ የምፈልግ የነበረ እሱን ነው።»

ሰሎሞን የመርካቶ ልጅ ነበር። ሁለቱ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ አልጋ በተራ እየተኙ፣ ያንን ሸክላ ሠሩ። ሸክላው ሲወድቅ ጋሽ ደምለው ተስፋ ቆረጡ፤ ሰሎሞን ግን «ጊዜው ይመጣል» ይል ነበር። የመጣው ጊዜ ሌላ ሆነ። ወጣት በየመንገዱ ተገድሎ የሚያድርበት ዘመን ነው። ሰሎሞንን ከቤት ወሰዱት። ጋሽ ደምለው እህል ሊገዙ ወጥተው ስለነበር ተረፉ። ሬሳውንም አላገኙ። ጊታሩን ለእናቱ ሰጥተው ወደ ቋሪት መጡ፣ ንስሐ ገቡ፣ ሁለተኛ ላይዘፍኑ ማሉ፣ አገቡ።

«ይታይሽ ይኼን አታውቅም» አሉኝ። «ምን ብዬ እነግራታለሁ?»

ከዚያ ምን እንዳስወሰናቸው አላውቅም። ሞፈሩን ወደ ጎን ገፉና «ያ ስልክህ ድምፅ ይይዛል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። ስልኬን ሞፈሩ ላይ አኖርሁት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ የሻከረ፣ ግን ያው ነው፤ ከአንድ ቃል አወቅሁት። የኋላውን ገጽ የመጀመሪያ ስንኝ አሉ።

ከዚያ ዝም አሉ።

ረሱት ብዬ የሚቀጥለውን ቃል ልነግራቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡብኝ። ራሳቸውን ዘንበል አድርገዋል፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቀስ እያለ ይመታል። ያን ጊዜ ገባኝ። ሰሎሞን እስኪመልስ እየጠበቁ ነው። መልሱ ረጅም በነበረበት ረጅም ጠበቁ፣ አጭር በነበረበት አጭር። እኔም ዘፈኑን ስለማውቀው ጊታሩ የት እንደደረሰ በልቤ እከተል ነበር፤ አንድም ቦታ አልቀደሙትም፣ አልዘገዩበትምም። ስልኬ የያዘው ግን ባሕር ዛፉን የሚያወዛውዘውን ነፋስና የዶሮ ጫጫታ ነው። ሲጨርሱ መጥረቢያቸውን አነሡ። እኔም ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ።

እመለሳለሁ ብያቸው ነበር። ዝም ያሉበት ቦታ ላይ ጊታር የሚመልስ ሰው ባሕር ዳር ፈልጌ አብረን ልናሰማቸው አስቤ ነበር። ልጅ አገኘሁ፣ ቀጠሮ ያዝን። መንገዱ ተዘጋ። ልጁ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ። ስልክ ተቋረጠ። ከአንድ ክረምት ወደ ሌላ ክረምት ተሻገርን። ሱቄን የዘጋሁትም በዚያው ነው።

ስልክ የተመለሰ ሰሞን አባ አንዳርጌ ደወሉልኝ።

«ደምለው ዐረፈ» አሉኝ። «አርባውንም አወጣን። ሆዱን ቆርጦት በቃሬዛ ይዘነው ወጣን፤ ከፊታችን ተኩስ ሆነ። ስንመለስ ትከሻችን ላይ ዐለፈ።» ቀጠሉና፣ «ይታይሽ ስላንተ ትጠይቃለች። ድምፁ እሱ ዘንድ አለ ብዬ ነገርኋት። አጠፋሁ?»

መኪና የሚያልፍበት ቀን ጠብቄ ሄድሁ። እትዬ ይታይሽ ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። እግዜር ያጥናዎ አልኋቸው። ውኃ ሰጡኝ፣ አንድም ነገር ሳይጠይቁ «አሰሙኝ» አሉ። የትኛውን ላሰማቸው እንደሚገባኝ አሰብሁ። የወጣትነታቸውን፣ በጥሩምባና በከበሮ የታጀበውን፣ ለማሰማት አልደፈርሁም። ስልኬን አውጥቼ ደጃቸው ላይ የተቀዳውን ከፈትሁት።

ድምፁን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የመጀመሪያው ስንኝ አለቀና ዝምታው መጣ።

«ምነው ዝም አለ? ረሳው?»

«አልረሱትም እትዬ። ጓደኛ ነበራቸው፣ ጊታር የሚመታ። እሱ የሚመልስበት ቦታ ነው። እየጠበቁት ነው።»

«የት ነው ጓደኛው?»

«ድሮ ሞቷል። በወጣትነቱ።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። እያንዳንዱን ዝምታ፣ ዶሮውን፣ ነፋሱን፣ ዓይናቸውን ስልኩ ላይ ተክለው ሰሙ። ረጅሙ ዝምታ ላይ ስንደርስ ቀስ ብለው ተናገሩ፤ ለኔ ይሁን ለሌላ ሰው አላውቅም።

«ዕድሜዬን በሙሉ አብሬው ኖርሁ። እኔ ስናገር አንድ ቀን እስክጨርስ ጠብቆኝ አያውቅም።»

ሐዘን የጨመርሁባቸው መሰለኝና ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። እጄን ይዘው መለሱኝ።

«ተዉት» አሉ። «ይጨርስ።»